ሄልሚ የሰጠችኝ ቢላ

በሕማማት ሳምንት ልጄ መሠረት ከሥራ ስትመለስ ተከትፎ በላስቲክ የታሸገ ሽንኩርት ይዛልኝ መጣች። «እንዳትደክሚ ብዬ ነው እማዬ» አለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዕድሜ ልኬን ሽንኩርት ስከትፍ ኖሬ፣ በስተርጅና ማን እንደከተፈው የማላውቀውን ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ልጨምር! እንዳልደክም ተብሎ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ቢላ እንዳልይዝ ነው። ላስቲኩን የምቀድበት መቀስ ስላልነበረኝ በጥርሴ ቀደድኩት፤ ደግነቱ ጥርሴን የሚቆልፍ እስካሁን አልተገኘም። ከውስጡ የወጣው ሽታ ዓይን እንኳ አያቃጥልም፣ ፍሪጅ ፍሪጅ ይላል። ቢሆንም የሽንኩርት ዘር ነውና አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እየጎተተ ደብረ ማርቆስ ወሰደኝ፤ በቆርቆሮ ከተሠራው መጋዘናችን ደጃፍ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚያርፍበት ደረጃ ላይ። እዚያ ደረጃ ላይ አንዲት ነጭ ሴት ቁጭ ብላ፣ ጥሬ ሽንኩርት መዳፏ ላይ ይዛ፣ ከወገቧ በመዘዘቻት ትንሽ ቢላ እየቆራረጠች ከዳቦ ጋር ትበላለች። ሄልሚ ትባላለች፤ አገሯ ፊንላንድ ነው።

ያቺ ቢላ የእኔ ናት። በዚያ የሕማማት ሳምንት ግን የእኔ ትሁን የልጆቼ አልለየም ነበር። ነገሩን ያኔ እነሱ እንደነገሩኝ ላውራው። አንድ ቀን ምስር ወጥ ጥጄ አሳረርኩ። ማን ያላሳረረ አለ? ጣራው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ፣ ጎረቤት ወጣ፣ እኔም አፍሬ ገባሁ። በማግስቱ የምድጃው ማዞሪያዎች ተነቅለው ተወሰዱ፤ መሠረት ከሌለች ሻይ እንኳ ማፍላት ቀረ። ቀጥሎ የማዕድ ቤቱ መሳቢያዎች ሕፃን እንዳይከፍታቸው በሚገጠም ቁልፍ ተቆለፉ። የቤቱ በር ሲከፈት «ቲንግ» የሚል ነገር ተለጠፈበት። ሳሎኑ ጥግ ካሜራ ተሰቀለና መሠረት ከሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ታየኝ ጀመር፤ አንዳንድ ቀን ወደ ካሜራው ዞር ብዬ «ምሳዬን በልቻለሁ» እለዋለሁ። በመጨረሻ ቢላዬን ከአልጋዬ አጠገብ ካለው ሣጥን አውጥተው፣ ከወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ልጄ ዳዊት ጋ አሸሿት። «ዶክተሯ ሴፍ አይደለም ብላለች» አሉኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ በጆርጂያ አቬኑ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሁሉ በቁጥሩ አውቀዋለሁ፤ አንዱንም ግን አልሳፈርበትም፣ ሰው ካልያዘኝ መውረድ ክልክል ነው። ከዚህ ሁሉ የጎደለብኝ ነገር መሃል እንዲመለስልኝ የፈለግሁት አንድ ነበር። ፋሲካ ሳይገባ ቢላዬ ትምጣና ዶሮውን በገዛ እጄ ልገንጥል አልኩ።

ዘመኑን ዓመት ቆጥሬ አልናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም ባያውቀው አይጎዳም። ሴቱ ጉልበቱ ላይ የሚቀር የቴትሮን ቀሚስ፣ ወንዱ እግሩ የሰፋ ሱሪ የሚለብስበት፣ ስኳር በቀበሌ ተራ የሚታደልበት ጊዜ ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ከፓስቲ ጋር ከሆነ ሃያ አምስት፤ የፕላስቲክ ጫማ ደግሞ በሦስት ብር ተገዝቶ ሁለት ክረምት ያሻግራል። አውቶቡስ ተራው ማዕዘን ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ ያዘፍናል፤ ካሴቱ እየተሳበ ስለሚረዝም ዘፋኙ ሁሉ መሃል ላይ ሲደርስ የታመመ ይመስል ነበር። ያኔ ሱቁ አፍታ ጸጥ ይልና ባለሱቁ በእርሳስ ካሴቱን ሲያጠነጥን ይታያል፤ ከዚያ ዘፈኑ ድኖ ይመለሳል። አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከእህል በረንዳው ወረድ ብሎ የእኛ መጋዘን ነበር። ፊንላንዶች ገጠር ለገጠር የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩበት ፕሮጀክት ነው፤ እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ። ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ ሲሚንቶው፣ ጎማው ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚወጣው። ወንዶቹ ሹፌሮች «እትዬ አስካለ» እያሉ ይለማመጡኝ ነበር፤ ቁልፉ የማን እጅ ላይ እንዳለ ያውቃሉዋ! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት በዚያ ሥራ ነው።

ሄልሚ የፓምፕ ባለሙያ ሆና መጣች። ረዥም ናት፣ ፊቷ ፀሐይ የላጠው፣ ፀጉሯ የተልባ እግር ገለባ የመሰለ። ካኪ ሱሪ ትለብሳለች። ከቀበቶዋ ላይ በቆዳ አፎት ያለች አንዲት ቢላ ትንጠለጠላለች፤ አፎቷ ጥልቅ ስለሆነ ግማሹን እጀታ ትውጠዋለች። እጀታዋ ነጭ ዛፍ ነው፤ በርች ይሉታል፤ ውስጡ የቡና ቀለም ያለው ጉራማይሌ አለበት። ስለቷ ከመዳፍ አይረዝምም። ከተማው ግን ጎራዴ የታጠቀች ያህል ነው ያወራው። በእኛ አገር ሱሪ የለበሰች ሴት አንድ ጉድ ናት፣ ቢላ የታጠቀች ሴት ሁለት ጉድ። አንድ ቀን ገጠር ወርደን ጉድጓዱን ለማየት ስንጠጋ፣ የአገሩ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው መንገዱን ዘጉብን።

«ጠይቂልኝ እስቲ፤ ይቺ ሴት ማንን ልትወጋ ነው የመጣችው?» አሉኝ።

በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩላት። ሄልሚ ቢላዋን መዘዘች፤ የከበበን ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ከአጥሩ ሥር የወይራ ቁራጭ አነሣችና እዚያው ተቀምጣ መላግ ጀመረች። ፍርፋሪው እንደ ቅንጬ ጉልበቷ ላይ እየተከመረ፣ ከሽማግሌው የውኃ ቅል አፍ ጋር እያስተያየች፣ ውትፍ ሠራችላቸው። ወተፉት፤ ቅሉን ዘቀዘቁት፤ ጠብ አላለም። «ኧረ እጇን ይባርከው! የጦር ዕቃ መስሎኝ የሥራ ዕቃ ኖሯል» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተሰበረ ነገር ሁሉ፣ የማንኪያው እጀታ፣ የበሬው ቀንበር ማነቆ ሳይቀር፣ እሷ ዘንድ ይመጣ ጀመር።

እየቆየን ሲሄድ አገሯ ስለ ቢላ ያለውን ነገር አጫወተችኝ። ቢላዋን «ፑኮ» ይሏታል። አባቷ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ነው የሰጣት፤ ለወንዱም ለሴቱም ይሰጣል። በዚያው ቀን ጣቷን ቆረጠች። አባትየው ጨርቅ ጠመጠመላትና «አሁን አወቅሻት» አላት፤ ሌላ ቁጣ የለም። ዱላ መቅረጽ፣ ዓሣ መሰንጠቅ፣ ቅቤ መቀቢያ ከእንጨት መሥራት የሚማሩት በእሷ ነው። የመንደሩ አንጥረኛ የሠራት ቢላ ከሱቅ ከተገዛችው ትከበራለች፤ ሰው በሥራው ሲመሰገን፣ ጡረታ ሲወጣም ስሙ ተቀርጾባት ትሸለማለች። ክፉም ነገር አልሸሸገችኝም። በአንድ አውራጃቸው ድሮ ጉልበተኞች ነበሩ፤ ሠርግ ቤት ያልተጠሩ ገብተው በቢላ ይሞሻለቃሉ፣ እስከ ዛሬም ይዘፈንላቸዋል። በዚያ አውራጃ ሙሽራ ሁለት ቢላ በአንድ አፎት ይታጠቅ ነበር፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ። «ዛሬ ግን ከተማ ውስጥ ታጥቆ መዞር ክልክል ነው» አለችኝ፤ ይኼን ስትል ትንሽ ያፈረች መሰለኝ። እኔም ስለ ደም መላሽ ነገርኳት፤ ስለ ሠርግ ቤት ጠባችንም ነገርኳት። «ስለዚህ ዘመዳሞች ነን» ብላ ሳቀች።

የፋሲካ ዋዜማ የሆነውን ግን ለማንም ባወራው ይስቃል። በእኛ ሴት ዶሮ አታርድም። ወንድ ቤት ውስጥ ከሌለ ዶሮዋን በአንድ እጅ፣ ቢላውን በሌላ እጅ ይዘሽ በር ላይ ትቆሚና አላፊ አግዳሚውን ወንድ «በማርያም፣ ባርክልኝ» ትያለሽ። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ ሩቅ ነበር፤ የትና ለምን እንደነበር ማንሣት አልፈልግም። መሠረት ሕፃን ናት፣ ዳዊት አልተወለደም። በር ላይ ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ ወንድ የሚባል ፍጥረት አላልፍ አለ፤ ያለው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ ተኝቷል። ዶሮው ክንዴን ይቧጭረኛል። ይኼኔ ሄልሚ ለበዓሉ ዳቦ ይዛልኝ ከታች ብቅ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?» አለችኝ።

«ወንድ እየጠበቅሁ ነው።»

ምን እንደገባት አላውቅም፤ ሳቀችና «ፈርተሽ ነው» አለች። ዶሮውን ከእጄ ነጥቃ ጓሮ ዞረች። «ተይ! ሄልሚ፣ አይሆንም!» እያልኩ ብከተላት ፑኮዋ ሥራዋን ጨርሳለች። ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ «ኧረ ጉድ! ሴቲቱ አረደችው!» ብላ ለሰፈሩ አሰማች። ሴት ያረደችው፣ በዚያ ላይ ሃይማኖቷ ያልታወቀ ፈረንጅ! ያንን ወጥ ከሰፈሩ አንድ ሰው አልቀመሰውም። እኔ ግን ዶሮ የገዛሁት ስንት ጊዜ ቆጥቤ ነው፣ አልጣልኩትም። ያን ቀን ነው ያቺን ቢላ መጀመሪያ የያዝኳት፤ መገጣጠሚያውን ራሷ እየፈለገች ትገባለች፣ አጥንት ሳትሰብር ብልቱን ታወጣዋለች። ሄልሚ፣ እኔና መሠረት ሦስታችን በላነው። የነፍስ አባቴ ሲሰሙ ስግደት አዘዙብኝ፤ ሰገድኩ፤ አልተጸጸትኩም።

ሄልሚ ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ ቢላዋን ለእኔ ልትሰጠኝ ከቀበቶዋ ፈታቻት። እናቴ ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ጠብ ያመጣል ትል ስለነበር «መሬት ላይ አኑሪያት፣ እኔ አነሣታለሁ» አልኳት። እሷ ደግሞ «ጥሩ ቢላ መሬት አይጣልም» አለች። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እኛ እዚያ ደረጃ ላይ ቆመን ስንከራከር ሰው ይታዘበናል። በመጨረሻ ስለቷን ወደ ራሷ፣ እጀታዋን ወደ እኔ አዞረችና «እኛ እንዲህ ነው የምንሰጠው፤ አምኜሻለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ተቀበልኳት። ቢላ ወዳጅነት እንዳይቆርጥ በምትኩ ሳንቲም ይሰጣል ብላ እጇን ዘረጋች፤ ከመቀነቴ ስሙኒ ፈትቼ ሰጠኋት። ለጥቂት ዓመታት በረዶና ሐይቅ ያለበት ፖስታ ካርድ ትልክልኝ ነበር፤ ከዚያ እኔም አድራሻ ቀየርኩ፣ እሷም ዝም አለች። ትኑር ትሙት አላውቅም።

መሠረት ሰባት ዓመት ሲሞላት ቢላዋን ሰጠኋት። ሰፈሩ አበደች አለ። ልጅቷ ጓሮ ተቀምጣ የባሕር ዛፍ ዱላ ትልግ ነበር፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። በሁለተኛው ቀን አውራ ጣቷን ቆረጠችና እየጮኸች መጣች። ጨርቅ ጠመጠምኩላትና «አሁን አወቅሻት» አልኳት። እጀታውን አስቀድማ እንድታቀብል፣ አድርቃ እንድትከትታት አስተማርኳት። እስከ ማታ ድረስ አኩርፋኝ ዋለች፤ በማግስቱ ግን ራሷ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ የነበረኝን ኩራት ዛሬ ድረስ አስታውሰዋለሁ። እዚያ በሰባት ዓመት ልጅ ይታመናል፣ እዚህ በሰባ ዓመት እናት አይታመንም እያልኩ በየቀኑ የምብሰለሰለው ለዚህ ነበር። ሐሳቤ ከዚያ ጓሮ ሲመለስ የሚያርፈው በተቆለፈው መሳቢያ ላይ ነው። ማታ ማታ መሠረት ራት ስትሠራ ቁልፉን በጀርባዋ ከልላኝ ትከፍታለች፤ ጎመኑን ቆርጣ ትጨርስና ይቆለፋል። እኔ ለሾርባ ማንኪያ ይሰጠኛል።

በሕማማቱ ሐሙስ መረረኝ። ለዳዊት ደወልኩና «ቢላዬን አምጣ» አልኩት።

«እማዬ፣ አይ ኖው፣ ግን ቢዚ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ እናወራለን፣ እሺ?»

«ከፋሲካ በኋላ ዶሮ የለም።»

«አዲስ እገዛልሻለሁ፣ ኦንላይን ኦርደር አደርግልሻለሁ።»

«አዲሱንም ትቆልፉታላችሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መሠረትን ደግሞ በማግስቱ ከስግደት ስንመለስ ያዝኳት። ካልወሰድሽኝ ፋሲካን አልፈስክም አልኳት፤ ምግብም አልቀምስም። ታውቀኛለች፤ የተናገርኩትን አደርገዋለሁ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ነገ እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ ሹር ረፋዱ ላይ አሌክሳንድሪያ ደረስን። ዳዊት ጋራዡን ከፈተና ከመደርደሪያው ላይ የመሣሪያ ሣጥን አወረደ፤ ቢላዬ ከመፍቻና ከምስማር መሃል ተኝታለች። አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ቆዳው አሁንም ያ መጋዘን፣ ያ የፓምፕ ቅባት፣ ያ ደረጃ ነው የሚሸተው። እንባዬ መጣ። ዳዊት ከእኔ ይልቅ እህቱን እያየ፣ «አልነገርሻትም?» አላት።

«ዴቭ!» ብላ ገሠጸችው።

«ንገሪያት እንጂ። ራይት አላት።»

«በቃ አልኩህ!» መሠረት ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው አስገባችኝ፤ ዳዊት ጋራዡ በር ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቀረ።

ፎር ናይንቲ ፋይቭ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ድልድዩ መሃል ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። አደጋ ሳይኖር አይቀርም፤ ከፊት ቀይ መብራት፣ ከኋላ ነጭ መብራት፣ ከታች ወንዙ። ወደ ግራ መውጫ የለ፣ ወደ ቀኝ መውጫ የለ። እኔ ቢላዬን በአፎቷ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ቢሆን ገላዬን ልታጠብ ብላ ታመልጠኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለታችንም ማምለጫ የለንም።

«ያልነገርሽኝ ምንድነው?» አልኳት።

«ምንም አይደለም እማዬ።»

«ሴትዮ፣ እኔ እኮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ። የጎደለ ነገር አውቃለሁ።»

መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት እያየች ነው የነገረችኝ።

«ሁዳዴ የገባ ሰሞን ነው። ኦፍ ነበርኩ። ሻወር ወስጄ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመሻል። ቢላዋን ይዘሻል፣ ከአፎቷ ወጥታለች። 'ማን ነሽ አንቺ?' አልሽኝ። የምትቀልጂ መስሎኝ ሳቅሁ። 'ምን ያስቅሻል? ልጄን የት አደረግሻት?' አልሽኝ። 'እኔ ነኝ እኮ፣ መሠረት' ስልሽ 'ውሸታም! መሠረት ሰባት ዓመቷ ነው' አልሽ። እየቀረብሽኝ መጣሽ እማዬ።»

«እኔ?»

«አንቺ።»

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ ሞከርኩ። የሻይ ዋጋ አስታውሳለሁ፤ የካሴት ሱቁን ባለቤት እርሳስ ቀለም አስታውሳለሁ፤ የሽማግሌውን ቅል አስታውሳለሁ። ያን ጠዋት ብፈልገው ብፈልገው ግን ባዶ ነው፤ ተቆልፎ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፣ የለም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ልጅሽ መሆኔን ተውኩት።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «'እትዬ አስካለ' አልኩሽ። 'ልጅዎ ደኅና ናት፣ ጓሮ ተቀምጣ ዱላ እየላገች ነው። ቢላዋን ይስጡኝና ልውሰድላት።' አየት አደረግሽኝ። ከዚያ ስለቱን ወደ ራስሽ አዞርሽና እጀታውን ሰጠሽኝ። 'እጇን እንዳትቆርጥ ንገሪያት' አልሽኝ። ገብተሽ ተኛሽ። ስትነሺ 'መሠረት፣ ሻይ የለም?' አልሽኝ፣ ምንም እንዳልሆነ።»

ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ፈቀቅ አለና ደግሞ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አላወቅሽኝም ብዬ?» አለችና እያለቀሰች ሳቀች። «ስለ ምድጃው ብትጣዪኝ ይሻላል ብዬ ነው። ተሰድቤም ቢሆን።»

ሁለት ወር ሙሉ ስሰድባት ነበር። እስር ቤት ጠባቂ ብያታለሁ፤ ልብ የሌላት ብያታለሁ፤ ለጎረቤት በስልክ አምቻታለሁ። ዝም ብላ ተሸክማዋለች። አፈርኩ። ከኀፍረቱ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነው። እስከዚያች ሰዓት የታሰርኩት በልጆቼ ቁልፍ መስሎኝ ነበር፤ ቁልፉ ከተከፈተ እወጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው። እዚያ ድልድይ ላይ፣ በቀኝና በግራ መኪና ተጠቅጥቆ፣ የማልወጣበት ነገር ውስጥ እንዳለሁ ገባኝ። መጥቶ ወስዶኝ፣ መልሶ ሲያስቀምጠኝ እንኳ አላውቅም። እጇን ልይዛት ፈልጌ ቢላዋ ጭኔ ላይ ስለነበረች ፈራሁ፤ ቀስ አድርጌ እግሬ ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ ያዝኳት።

ቤት ስንደርስ መሠረት ዶሮውን አወጣችና ቢላዋን አቀበለችኝ። «ገንጥዪ» አለችኝ። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ መገጣጠሚያውን እያገኘ ገባ። እሷ አጠገቤ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እውነተኛውን፣ ዓይን የሚያቃጥለውን። ሁለታችንም እያለቀስን ነው፤ ማን በሽንኩርቱ ማን በሌላው እንዳለቀሰ አልተጠያየቅንም። ፋሲካን ደስ ብሎን ዋልን። ዳዊት መጣ፣ ስለ ቢላዋ አንድ ነገር አላነሣም፤ የእግሩን ብልት ሰጠሁት፣ በላ። ማታ መሠረት ቢላዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ አፎቷ ውስጥ ከታ አልጋዬ አጠገብ ካለው ሣጥን ላይ አስቀመጠቻት። «ያንቺ ናት እማዬ። ከእንግዲህ አልቆልፍብሽም» አለችኝ። አሸነፍኩ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ግንባሬን ስማኝ ወጣች። በሩ «ቲንግ» አለ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቢላዋን አየኋት። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ከታች አውቶቡሱ ያልፋል። መቼ እንደሆነ አላውቅም እንጂ አንድ ቀን ያቺ ሌላዋ ሴትዮ፣ ልጇ ሰባት ዓመቷ የሆነችው፣ ከዚህ አልጋ ላይ ትነሣለች። ቢላዋ የት እንዳለች ታውቃለች። ማታ ደግሞ የኔ ልጅ ደክሟት፣ ቁልፏን እየፈለገች፣ በዚያ በር ትገባለች። ሴትዮዋ እጀታውን ሁልጊዜ ትሰጣለች ብሎ ማን ዋስ ይሆናል?

ነጠላዬን እንኳ ሳልለብስ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መሠረት ኤሌቬተሩ ፊት ቆማለች።

«ነይ ተመለሺ» አልኳት።

«ምን ሆንሽ እማዬ? ሥራ ረፍዶብኛል እኮ።»

«ነይ ቆልፊያት።»

አልገባትም መሰለኝ፤ ከዚያ ገባት። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና እዚያው ኮሪደሩ ላይ አቀፈችኝ። ገብታ ቢላዋን ከሣጥኑ ላይ አነሣች። «የትኛው መሳቢያ ውስጥ ላድርጋት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አትንገሪኝ» አልኳት፤ ቁልፉን የት እንደምታኖረው እንዳላይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።